የጾሙ ትሪ በግራ በኩል

የልጄ ባል ጺም ያወጣ ሰው ሆኖ ሥዕል ያለበት ካርድ ይሰበስባል። ባለፈው እሑድ ሳክሲ ከተማ ቤታቸው ምሳ በልተን ስናበቃ አዲሶቹን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የድሮ ዘመን የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮች ሥዕል ነው። አንዷ የተቀቀለ በቆሎ ከባልዲ ታወጣለች፤ አንዱ ትኩስ ዳቦ ተሸክሟል። ሁሉም ይስቃሉ። ሠዓሊው መንገድ ዳር ሸጦ የሚያውቅ አልመሰለኝም። እኔ ሸጫለሁ፤ የሻጭ ዓይን ምግቡ ላይ አይውልም፣ ማን መጣ እያለ መንገዱን ነው የሚያየው።

ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበርኩ። በዚሁ በስደት አገር፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ፣ ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ፣ እኔና ታላቅ እህቴ አበበች ከመኪናችን ኋላ ሳምቡሳ እንሸጥ ነበር፤ ያለ ፈቃድ። የምስሩ ለጿሚ፣ የሥጋው ለማይጾመው። መልካቸው አንድ ስለሆነ የጾሙ ትሪ ሁልጊዜ በግራ፣ የፍስኩ በቀኝ ነው።

ፍልሰታ ነበር። የነሐሴ ሙቀት አስፋልቱን አለስልሶታል፣ የዘይቱ ሽታ ልብሳችን ላይ ቀርቷል። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የሜዳው ጥበቃ መኪና ብቅ አለ።

«ሴኪዩሪቲው መጣ፤ ትራንኩን ክፈቺ» አለችኝ አበበች። ትሪዎቹን እየተጣደፈች የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው። ሰውየው በዝግታ አለፈን። መልሳ ስታወጣቸው ዓይኗ ትሪዎቹ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነበር።

ወዲያው ሰው ተሰለፈ። ከፊት የነበሩት አባባ ይልማ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጾሙን ጨርሰው ሊቆርቡ ተዘጋጅተው ነበር፤ ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጡም እህል በአፋቸው አልዞረም።

«የጾሙን ስጪኝ» አሉ። እህቴ ከግራ አንስታ ሰጠቻቸው።

ገመጡና ማላመጣቸውን አቆሙ። እህቴን አዩ፤ ዞረው ደግሞ ከኋላቸው የተሰለፈውን ሰው አዩ። ዋጡት። የቀረውንም ጨረሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ትሪዎቹን ቦታ አለዋውጫቸው» አሉኝ።

«አባባ፣ ለምን አልተፉትም?» አልኳቸው በሹክሹክታ፤ ትሪዎቹን እያለዋወጥኩ።

«ብተፋው ሰው ሁሉ ያይ የለም? ነገ ማን ከእናንተ ይገዛል?»

የፍልሰታ መጨረሻ ዕለት ሌላው ሲቆርብ እሳቸው ከኋላ ቆመው ቀሩ። ምነው ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ ትንሽ አሞኝ ነው ይሉ ነበር።

«ሶ፣ እማማ፣ የትኛው ደስ አለዎት?» አለኝ የልጄ ባል ካርዶቹን እያሳየኝ። ዳቦ የተሸከመውን አነሳሁለት፤ ሐሳቤ ግን አባባ ይልማ ጋ ነበር። ያን ቅዳሜ እኔም እህቴም ሥጋ አልቀመስንም። ከሦስታችን የጾሙት ግን እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል።