ግራውንዱን የጠየቁት ጎረቤቴ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ማመልከቻ ሲያስፈልገኝ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ይህን ግን ለሌላ ሰው ነግሬ ማስጻፍ አፈርኩ።

ሰቆጣ ከገበያው ጀርባ በነበሩት የቀበሌ ቤቶች ስኖር ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። ግድግዳችን አንድ ስለነበር ሲያስሉ እነቃለሁ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ብቅልና ጌሾ ይሸጣሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከደጃፋቸው ብዙ አይርቁም፤ ገዢው ነው እሳቸው ዘንድ የሚመጣው። የሚናገሩት ኽምጣና ብቻ ነው። እኔም ከፃግብጂ ገጠር ስለመጣሁ አፌን የፈታሁት በኽምጣና ነው፤ ወፍጮ ቤትም ጤና ጣቢያም የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ።

ሰፈሩ ፈርሶ በርካሽ የሚከራይ ፎቅ ሊሠራበት እንደሆነ ሲነገር፣ ነባር ተከራዮች ሁላችንም አዳራሽ ተጠራን። ቤቱ በዕጣ ይደርሰናል፤ ደረጃ መውጣት የማይችል ግን እዚያው ተነስቶ ከተናገረ ያለ ዕጣ ምድር ላይ ያለው፣ ሰዉ ግራውንድ የሚለው፣ ይመዘገብለታል ተባለ።

እማማ ክንዴን ይዘው ተነሡ። በኽምጣና፣ "ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም፤ ብቅል ልግዛ ብሎ ፎቅ የሚወጣም የለም። ግራውንዱን ስጧት በያቸው" አሉኝ።

ማይኩን ሰጡኝ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አማርኛዬ የገጠር ነው፤ ስናገር ሰው እንደሚስቅ አውቃለሁ።

"እሺ እህቴ፣ እናትሽ ምን አሉ?" አለኝ መዝጋቢው።

ማይኩን ከአፌ አርቄ ያዝኩት። ከኋላ አንድ ሰው፣ "ማይክ ነው፣ አይነክስም በሏት" አለ። ሌላው ደግሞ፣ "ለአስተርጓሚዋም አስተርጓሚ ፈልጉላት" ሲል አዳራሹ ሳቀ።

"በዕጣው ተስማምተዋል" አልኩና ማይኩን መልሼ ተቀመጥኩ።

እማማ ትንሽ ቆመው ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገቤ ተቀመጡ። ስንወጣ፣ "ነገርሽልኝ ወይ?" ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። አልጠየቁኝም።

ፎቁ ሲያልቅ ዕጣ ወጣ። ለእኔ ግራውንድ ደረሰኝ፣ ለእሳቸው ሦስተኛ ፎቅ። ዕቃቸውን ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የብቅሉን ጆንያ ይዤ ስወጣ ጎረቤቱ "ተባረኪ" ይለኛል፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ያ ብቅል እዚያው ነቀዘ። የሚገዛ አልወጣም።

አንድ እሑድ ከቤቴ ስወጣ እማማን ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ወጥተው ደረጃው ላይ አየኋቸው። ቁጭ እያሉ፣ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ አንድ አንድ ደረጃ ሲወርዱ ቅዳሴው አልቆ ነበር። ነጠላቸው አቧራ ሆኗል። ደግፌ ወደ ቤታቸው መለስኳቸውና በሩን ዘጋሁት።

"እማማ፣ ያን ቀን ያሉኝን አልነገርኩልዎትም። ተስማምተዋል ነው ያልኳቸው። የእኔን ቤት ይውሰዱ፣ እኔ እዚህ እወጣለሁ።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "አማርኛ መናገሩ ነው እንጂ መስማቱ አያቅተኝም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"የሳቁብሽ ይበቁሽ ነበር።"

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ቤት ለመለዋወጥ ቢሮ ቀርቦ ምክንያቱን መናገር ግድ እንደሆነ፣ ምናልባት የሚናገርልን ሰው ብንፈልግ እንደሚሻል፣ እንደ ልማዴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው።

በትራቸውን ከግድግዳው አንስተው ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

"ሰው አንፈልግም። ነገ አብረን እንሄዳለን። አሁን እዚህ ቁሚና የምትያቸውን በአማርኛ በይው፣ እኔ እሰማሻለሁ።"