ራዲዮኑን ዝም ያሰኘችው ብሎን

ወንድሜ ሊሞሸር አንድ ቀን ሲቀረው የአባቴ ሚኒባስ ራዲዮ ዝም አለ። ሙሽራዋ የምትመጣው ከይጁቤ ነው። ያለ ዘፈን ሙሽራ ይዞ ማርቆስ መግባት ደግሞ በኛ ሰፈር የልጅ ልጅ እስኪታይ የሚወራ ጉድ ነው። "ሙሽራ ነው እህል ጭነው የመጡት?" ይሉናል።

አባቴ ራዲዮኑን በቡጢ መታው። "በልተውታል!" አለ። ጠዋት መኪናው ሲታጠብ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ሲያይ ነበራ።

"አባዬ፣ ቡዳ ራዲዮ አይበላም። ተነስ ልየው።"

"አስራ ሁለተኛን ጨረስሽና መሐንዲስ ሆንሽ?"

አልተነሳም። ገፋ አድርጌው ገባሁ፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈጠረብኝም።

ፊውዙን አወጣሁት፤ ደህና ነው። ሁለት ሽቦ ያሰርኩበትን የፍሬቻ አምፖል ይዤ ራዲዮኑን ከቦታው ሳብኩት። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከመኪናው ብረት፣ ሌላውን ከራዲዮኑ ቢጫ ሽቦ አገናኘሁ። በራ። ቁልፉን አዙሬ ቀዩን ነካሁ። እሱም በራ። እንግዲህ ኃይሉ ይመጣል፤ የጠፋው የሚመለስበት መንገድ ነው። ጥቁሩን ሽቦ በእጄ ስከተለው ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከብረቱ ጋር የምታጠብቀው ብሎን የለችም።

ቀና ስል የእመቤታችን ስዕል። ድሮ ከራዲዮኑ ሥር ነበረች፤ አሁን ከመስታወቱ በላይ ተሰቅላለች።

"አባዬ፣ ስዕሏን ማን አነሳት?"

"እኔ ነኛ! በልጄ ሰርግ ከጉልበት ሥር ትሁን? ከነብሎኗ ነው ያነሳኋት።"

"እንግዲያው ቡዳው አንተ ነህ።"

እናቴ በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ፈረሰች። "ወይኔ! ሦስት ጎረቤት ረግሜ ነበር እኮ!"

ስዕሏን ላውርድ ብል አባቴ በጄ አላለም። እኔም ብሎን ፍለጋ ገበያ ለመውጣት ትዕግስት አጣሁ። ከኋላው በር የውስጥ መክፈቻ አንዷን ብሎን ፈትቼ ጥቁሩን ሽቦ ብረቱ ላይ አጠበቅኩት። ራዲዮኑ ሲጮህ እናቴ እልል አለች።

በማግስቱ ከይጁቤ እስከ ማርቆስ ዘፈኑ አልተቋረጠም። ደጃችን ደርሰን ሚዜው የኋላውን በር ከውስጥ ሊከፍት ቢል መክፈቻው እጁ ላይ ቀረ። አባቴ ከመሪው ወርዶ፣ ዞሮ፣ ለሙሽራዋ ከውጭ ከፈተላት።

"እዩልኝ! አማቷ ራሳቸው በር ሲከፍቱላት! ማክበር እንዲህ ነው!" አለ ሰዉ።

አባቴ ሙሽራዋን እየደገፈ በዓይኑ እኔን ፈለገ። እኔ መክፈቻውን ከሚዜው እጅ ተቀብዬ ነጠላዬ ሥር ደብቄዋለሁ።