አንድ ክንድ ለማየት ወደ ዋይት ሲቲ

ስቶክዌል፣ ማለዳ

ቅዳሜ ነው፣ ገና ሳይነጋ ወጥቻለሁ። ቅዳሜ እስኪረፍድ የምተኛ ሰው መሆኔን የሚያውቁኝ ያውቃሉ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ የፖርቹጋሎቹ ዳቦ ቤት ብቻ መብራቱን አብርቷል። እዚያ ትኩስ ቡናና ክሬም ያለው ትንሽ ኬክ ገዝቼ ወደ ባቡሩ ወረድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ የክንድና የትከሻ ጉዳት ነው። አብሮኝ የተማረው አሜሪካዊው ዴቪድ አሁን ለአንድ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ተጫዋች ይመለምላል። የአሜሪካ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ድራፍት የሚባል ነገር አላቸው (ቢራ የመጣላችሁ አትፈሩ፣ እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው)። ዴቪድ ዓይኑን የጣለበት ኳስ ወርዋሪ ናትናኤል ይባላል። እዚሁ ከተማችን፣ ዋይት ሲቲ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የእኛው ልጅ ነው፤ አሜሪካ በስኮላርሺፕ ይማራል። የቀኝ ክርኑ ተጎድቶ ሊያገግም እናቱ ቤት መጥቷል። ዴቪድ የሚፈልገው አንድ መልስ ነው፤ ክንዱ ይመለሳል ወይስ ስሙን ይሰርዙት?

ካምደን፣ ጠዋት

ገበያተኞቹ ሸራቸውን ይወጥራሉ፤ የፈላፍል ዘይት ከአሁኑ ይሸታል። መሥሪያ ቤቴ ጎራ ያልኩት የእጅ ጥንካሬ መለኪያውን ልወስድ ነው። ተረኛዋን ሐኪም ባልደረባዬን አገኘኋትና ልጁ የላከልኝን የክርኑን የኤምአርአይ ፎቶ አብረን አየነው። ከወር በፊት የተነሣ ነው። ከክርኑ በውስጥ በኩል ያለው ጅማት እንዳለቀ የጫማ ክር ሳስቷል እንጂ አልተበጠሰም።

ካረፈ እንደሚድን፣ አሁን ከወረወረበት ግን ሊበጠስ እንደሚችል ነገረችኝ። ናትናኤል ግን ትናንት በስልክ "አንቲ ሄለን፣ ምንም አያመኝም፣ ነገ እወረውርልሻለሁ" ብሎኛል።

ዋይት ሲቲ፣ እኩለ ቀን ገደማ

ከትልቁ የገበያ ማዕከል የሚወጣው ሕዝብ ቦርሳ ተሸክሞ ይጋፋል። እኔ ወደ ኋላው፣ ወደ ቀይ ጡቦቹ ሕንፃዎች ታጠፍኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ እትዬ ጽጌ ናቸው። ክንዱን አስቀድሜ ልይ ብል ማን ሰምቶኝ፤ እንግዳ በባዶ ሆዱ ሥራ አይጀምርም አሉኝ። በሩ ሥር ጓንቲና ኳስ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ናትናኤል ቁመቱ በሩን የሚነካ፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው።

እየበላን እትዬ ጽጌ ደስታቸውን አወሩኝ። ቸርች ተጸልዮለት ሕመሙ ለቀቀው፤ ባለፈው እሁድ ማይክ ይዞ መፈወሱን መሰከረ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ደስ አለኝ፤ ያየሁት ፎቶ ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁ አንገቱን አቀርቅሮ ነበር።

ከዚያ ሊያጎርሰኝ ተነሣ፤ በግራ እጁ።

"ምን ነካህ ልጄ?" አሉ እናቱ። "እንግዳ በግራ ይጎረሳል? በቀኝህ!"

ቀየረ። ቀኝ ክንዱ በጠረጴዛው ላይ መጣ፣ መጣና መንገድ ላይ ቆመ። ክርኑ አልዘረጋ አለ። ከንፈሩን ነከሰ። ጉርሻው እኔ ዘንድ እንደማይደርስ ሳይ አፌን ከፍቼ ጠጋ ብዬ ተቀበልኩት።

አኝኬ ስጨርስ "ያምሃል" አልኩት።

"መስክሬያለሁ እኮ፣ ኤቭሪባዲ ፊት" አለ፣ እናቱን እያየ። "እሁድ ሪሊ አላመመኝም ነበር። ረቡዕ ቼክ ላድርግ ብዬ ወረወርኩ፣ ሕመሙ ተመለሰ። አሁን ያመኛል ካልኩ ጌታን ማሳፈር ነው።"

እትዬ ጽጌ እስኪናገሩ ድረስ ፈራሁ። ይህን ጉድ ይዛብኝ የመጣች እሷ ናት ብለው ቢያባርሩኝ አልፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ወጥ የነካውን ቀኝ እጁን ይዘው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ያን ቀን አልዋሸህም" አሉት። "ዛሬ ዝም ካልክ ግን ትዋሻለህ። ጌታ የእኛ ውሸት አያስፈልገውም። ንገራት።"

ነገረኝ። የት እንደሚጀምረው፣ የትኛው ጣቱ ድረስ እንደሚወርድ፣ አንድም ሳይደብቅ። ወደ ሜዳ አልሄድንም፤ ኳሱም ከበሩ ሥር አልተነሣም። መረመርኩት፤ ጅማቱ ላልቷል እንጂ ይዟል፤ የእጁ ጥንካሬና ትከሻው ደህና ናቸው። ከአውቶቡስ ፌርማታ ለዴቪድ ደወልኩ። ለወራት ኳስ እንዳይነካ፣ በዚህ ዓመት እንዳይጠብቁት፣ ከዚያ ግን ይህ ክንድ ይመለሳል ብዬ እንደማምን ነገርኩት። አለቆቼን ላነጋግር አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ እትዬ ጽጌ የቋጠሩልኝ ምግብ አለ፤ ስልኬን ግን እስከ ቤቴ ከእጄ አላወጣሁትም።

ስቶክዌል፣ ምሽት

ከባቡሩ ወጥቼ ደረጃውን ስጨርስ ዴቪድ ደወለ። ይመረጣል ብሎ ሊምልልኝ አልቻለም፤ ስሙ ግን አልተሰረዘም። ሲያገግም ራሱ መጥቶ ያየዋል። ያመኛል ያለሽ ራሱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ራሱ ነው አልኩት። ጉርሻን በስልክ ለአሜሪካዊ ማስረዳት ይከብዳል።

ወዲያው ዋይት ሲቲ ደወልኩ። እትዬ ጽጌ እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ ናትናኤል ስልኩን ተቀበለ።

"አንቲ ሄለን፣ ነገ ቸርች ትመጫለሽ? ማይኩን ድጋሚ እጠይቃለሁ።"

"ምን ልትል?"

"ገና ያመኛል፣ ጸልዩልኝ እላለሁ።"

ከኋላው እናቱ "ማይኩን በግራህ ያዘው" ሲሉት ሰማኋቸው።