ከቨርና መስኮት ሥር

በፔንሲልቫኒያ ኮረብታዎች መካከል ባለችው በዚያች ሸለቆ ግራውንድሆግ አላስቀምጥ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ሃርላን ሬምን ነበር። ይህ ድመት የሚያህል ወፍራም ቆፋሪ አውሬ እንደ ሌላው ሌባ ጨለማ አይጠብቅም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው፣ በሰው ጓሮ እንደ ባለርስት ይንጎማለላል። አንዱን ሐብሐብ በልቶ ቢጠግብ ማን በጠላው፤ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ገምጦ ያበላሻል። ከዚያ ከጎተራው መሠረት ሥር ይቆፍርና ግድግዳውን ያዘመዋል። ሰዉ በርበሬ ይነሰንስበታል፣ ራዲዮ ከፍቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያስቀምጥበታል። ሃርላን ይህን ሲያይ፣ “ዘፈን ጋበዛችሁት እንጂ መች አባረራችሁት” እያለ ይስቅ ነበር።

ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የፈጀው የጎተራ ጣሪያ ሲመታ ነው፤ ጉልበቱ ሲከዳው ግን ስሙ በዚህ ብቻ ቀረ። ዕውቀቱን ማንም አይነሳውም። አፈር የተቆለለበትን የጉድጓዱን ዋና በር ዕውር እንኳ ያገኘዋል። ሃርላን የሚፈልገው አውሬው ከውስጥ ወደ ውጭ የቆፈረውን፣ አፈር የሌለበትን፣ ሣር የሸፈነውን የማምለጫ ቀዳዳ ነው። እሱን በድንጋይ ይደፍናል፤ በዋናው በር የጭስ ባሩድ ለኩሶ ይከትና አፈር ይመልስበታል። በወጥመድ የያዘውን ደግሞ ከነወጥመዱ በርሜል ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ያን ጊዜ ፊቱን አያዞርም፤ አረፋው እስኪያልቅ ቆሞ ያያል።

ይህን ሙያ ያስጀመረችው ሚስቱ ቨርና ናት። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ያበቀለችው ፎሶሊያ እስከ ግንዱ ተበልቶ ስታገኘው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሃርላን በሦስተኛው ቀን ሌባውን ገድሎ እግሯ ሥር ጣለላት። ቨርናም ጎረቤት እያየ አቅፋ ሳመችው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የገደለው ያንን መሳም እያሰበ ነው ብል አልዋሸሁም።

ባለፈው ክረምት ቨርና በስትሮክ ተመታች። ቀኝ ጎኗና ምላሷ አንድ ላይ ሄዱ፤ ከጉሮሮዋ የሚወጣው “አ… አ…” ብቻ ሆነ። መብላትም ጠላች። በየሰኞው እየመጣች የምትመዝናት ነርስ፣ ከዚህ በላይ ከከሳች ሆስፒታል ገብታ በቱቦ እንደምትመገብ ተናገረች። ቨርና ደግሞ በዓለም ላይ ከምንም በላይ የምትፈራው ቱቦን ነበር። እናቷ እንደዚያ ሆና ሁለት ዓመት አስታማታለች፤ ያኔ ሃርላንን፣ እኔን እንዲህ እንዳታደርገኝ ብላ አስምላዋለች።

በጸደይ አንዲት ግራውንድሆግ ከቨርና መስኮት ትይዩ ካለው ሼድ ሥር ጉድጓድ ማሰች። ቀን ቀን እየመጣች ምሳ የምታጎርሳት የቨርና ታናሽ እህት ዶሪስ ናት። ዶሪስ አንድ ነገር አስተዋለች። አውሬዋ በኋላ እግሯ ቆማ፣ ማገጥ የሚባለውን ሣር በሁለት እጇ ይዛ ስታኝክ፣ የቨርናም አፍ ይከፈታል። ማንኪያው ይገባል፣ ሳህኑ ባዶ ይሆናል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ክብደቷ ጨምሮ ነርሷ ራሷ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው።

“ሃርላን፣ ያቺን አውሬ እንዳትነካት” አለችው ዶሪስ። “ቨርና የምትበላው እሷን እያየች ነው።”

“ቨርና? አርባ ስምንት ዓመት ግደልልኝ ስትለኝ የኖረች ሴት እኮ ናት።”

“ያኔ እግር ነበራት።”

ሃርላን አውሬዋን ተዋት። የግንቦቱ የእሳት አጥፊዎች እራት ባይመጣ ኖሮ እንደተዋት ይቀር ነበር።

በየዓመቱ በእሳት አጥፊዎቹ አዳራሽ ሸለቆው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ዶሮ በሊጥ ይበላል፣ ሰውም በሐሜት ይበላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው፣ የዚያን ዕለት የተቆረጠው ከሃርላን ደጃፍ ነበር። የወተት ላሞች የሚያረባው ሎይድ ከጠረጴዛው ማዶ፣ “ሃርላን፣ አንዷን ቀለብ ቆርጠህ በጓሮህ አስቀምጠሃታል አሉ” አለ። ሰዉ ሳቀ። ሎይድ ሳቁ ጣመውና ጨመረበት።

“አይፈረድብህም። እቤት ውስጥ ካለችው ይልቅ እሷ ሳታወራህ አትቀርም።”

በዚህኛው የሳቀ አልነበረም፤ ከራሱ ከሃርላን በቀር። ለሚስቱ መልስ ሊሰጥላት ሲገባ አብሮ ሳቀ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ ነገ ቀትር ላይ ያልቃል አላቸው።

በማግስቱ የቨርናን ተሽከርካሪ ወንበር መስኮቱ ድረስ ገፍቶ መስኮቱን ከፈተላት። ዛሬ ለአንቺ ነው አላት። የአውሬዋ ጡት ተንጠልጥሎ ስላየ ውስጥ ግልገሎች እንዳሉ ያውቃል፤ ገና ብርሃን ያላዩ ናቸው። እናቲቱ ልታጠባ እስክትገባ ጠበቀ። የማምለጫ ቀዳዳውን ከቁጥቋጦው ሥር አግኝቶ በድንጋይ ጠቀጠቀው፤ በዋናው በር ባሩዱን ለኩሶ አፈሩን በእግሩ መለሰ። ከመሬት ውስጥ የታፈነ ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ጥፍር ድንጋይ ሲቧጥጥ ተሰማ፤ ረጅም ጊዜ ቧጠጠ።

ከመስኮቱ “አ… አ… አ…” የሚል ድምፅ መጣ። ቨርና በደህናው እጇ የወንበሩን ክንድ ትደበድባለች። ሃርላን ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳት። ያጨበጨበችለት መስሎታል። ዶሪስ ድስቷን ይዛ የደረሰችው ይኼኔ ነው።

“እያለቀሰች ነው እኮ” አለችው።

የደስታ ነው አላት። ዶሪስ ልብ የለህም ብላ ተናገረችው፤ እሱም ሁለተኛ በሬን እንዳትረግጪ ብሎ አባረራት።

ከዚያች ምሳ ጀምሮ የቨርና አፍ ተዘጋ። ሃርላን ማንኪያውን ሲያቀርብ ጥርሷን ትነክሳለች። በአራተኛው ቀን የአንገቷ አጥንት ሲወጣ ነገሩ ገባውና ፍርሃት ያዘው። ወጥመዱን መኪናው ላይ ጭኖ ግራውንድሆግ ፍለጋ ወጣ፤ ሊያመጣላት። ግን ሥራውን አጥርቶ ሠርቷል። አሥራ ሁለት እርሻ ዞሮ አንድም አላገኘ። ሎይድ እንኳ ሳይስቅ፣ “አንተው ጨርሰህልን ከየት ይምጣ?” አለው።

በመጨረሻ ከተራራው ማዶ፣ ከማያውቀው ሰው ማሳ አንድ ትልቅ ወንድ ያዘ። ከባዕድ ቦታ የመጣ ግራውንድሆግ ቢለቁት እንደማይውል ያውቃልና የኋላ እግሩን በውሻ ሰንሰለት አስሮ ሰንሰለቱን ከመስኮቱ ሥር ቸነከረው። ማገጥ በየዓይነቱ አጨደለት። አውሬው አልቀመሰም። ሰንሰለቱ እስከፈቀደለት እየሮጠ ይወድቃል፣ ተነሥቶ ይሮጣል፣ ይወድቃል። ሃርላን ከሚስቱ ጎን ማንኪያ ይዞ፣ “እዪው ቨርና፣ መጥቶልሻል” ይላታል። ሲበላ እንዳያመልጣት ብሎ ከንጋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ያስቀምጣታል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አውሬው እግሩን ቆርጥሞ ጥሎ ሲሄድ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየችው እሷ ናት።

ሰኞ ነርሷ ከአንድ ረዳት ጋር መጣች። ረዳቱ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ጆሮው ላይ ቀለበት ያለው ልጅ ነበር። ቨርናን መዘኗትና ነርሷ ለሆስፒታሉ ልትደውል ስልኳን አወጣች። ሃርላን የአጃ ገንፎውን ይዞ ተንበረከከ። አንዲት ብቻ፣ እያዩሽ አንዲት ብቻ ጉረሺ ብሎ ለመናት። ገንፎው አገጯ ላይ ተደፋ። ጥርሷ አልተላቀቀም።

ልጁ አዘነና፣ “አባባ፣ እስቲ እኔ ልሞክር” ብሎ ማንኪያውን ከእጁ ወሰደ።

ቨርና አፏን ከፈተች። ጎረሰች፣ ዋጠች፣ ደግማ ከፈተች። ልጁ እየሳቀ አጎረሳት፤ እሷም ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከሃርላን ላይ ሳትነቅል በላች።

ነርሷ ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። “ቱቦ አያስፈልጋትም” አለች። ሃርላን ተመስገን ሊል አፉን ሲከፍት፣ ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

“የሚያስፈልጋት ሌላ ቤት ነው። ልብሷን ያዘጋጁልኝ።”