አውቶቡሱ እስኪመለስ በእግር

ኤልፍነሽ ነጋሽ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ዲቪ ደርሷት ከባሏ ከቶሎሳ ጋር ስትመጣ ልጇ ሀሌሉያ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። ኤልፍነሽ ስብሰባ የሚሆንላት ሴት አልነበረችም። ቸርች እንኳ «ጸሎት ምሪ» እንዳይሏት ከኋላ ወንበር ነበር የምትቀመጠው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ያደረገችውን ያየ ሁሉ፣ ቶሎሳም ጭምር፣ ቢገረም አይፈረድበትም።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ነው። የትምህርት ቦርዱ «ሹፌር አጠረን» ብሎ የእነሱ አፓርትመንት ልጆች የሚሄዱበትን አውቶቡስ አስቀረ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ በእግር ይደረሳል ተባለ። ቅርብስ ቅርብ ነው። ግን መንገዱ የጭነት መኪና የሚከንፍበት፣ ለእግረኛ ቦታ የሌለው መንገድ ነው። ከትምህርት ቤቱ ማዶ፣ እኩል ርቀት ላይ ያለው የባለ ትልልቅ ግቢዎቹ ሰፈር ግን አውቶቡሱ አልተነካበትም።

አፓርትመንቱ ውስጥ ሐበሻው፣ ጥቁር አሜሪካዊው፣ ከሜክሲኮ የመጣው ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል እንጂ አይቀራረብም። ፓርኪንግ ላይ «ሃይ» ተባብሎ መለያየት ነው። ሐበሾቹ መላ አላጡም። የቸርቹ ቫን ከእሁድ በቀር ሥራ የለውም፤ ፓስተር ኢሳያስ ፈቀዱና ቶሎሳ ጠዋት ጠዋት የምእመናኑን ልጆች ያደርስ ጀመር። የቀሩት ልጆች በእግራቸው ሄዱ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ኤልፍነሽ ኦፍ ስለነበረች ከልጆቹ ጋር ቫኑ ውስጥ ገባች። መንገድ ዳር፣ ጭቃው ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን በግራ በቀኝ ይዘው ሲሄዱ አየች። ከታች ቤት የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሚስ ዶሪን ናቸው።

«ቶሎሳ፣ አቁም።»

«ቦታ የለም እኮ! ደግሞ ኢንሹራንሱ ከቨር አያደርጋቸውም።»

«አቁም አልኩህ!»

ልጆቹ ተጠጋግተው አሳፈሯቸው። ሚስ ዶሪን ግን አልገቡም። «እነሱን አድርሱልኝ፤ እኔማ አንዴ በስብሻለሁ» ብለው ተመለሱ።

ማታ ኤልፍነሽ በራቸውን አንኳኳች። ዓመታት ጎረቤት ሆነው ቤታቸው ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ሚስ ዶሪን ፎጣ ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ሻይ ሰጧት።

«ለቦርዱ አመልክተዋል?» አለቻቸው።

«ሄጃለሁ። ‹ሰፈራችሁ የራሱን መጓጓዣ አዘጋጅቷል፤ ቫን አይተናል› አሉኝ።»

«የኛን ቫን?»

«የእናንተን ቫን፣ የኔ ልጅ።»

ሳይቆጡ ነው የተናገሩት። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ያን ሌሊት ኤልፍነሽ ስትገላበጥ አደረች።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከኋላ ወንበሯ ተነሣች። «ፓስተር፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር። ቫኑን እናቁም።»

ቤቱ ተንጫጫ። ርብቃ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ብድግ አለች። «ቫን እያለን ልጄን መኪና ይግጭብኝ? አብደሻል?»

«የሚስ ዶሪን ልጆችስ ይገጩ?» አለች ኤልፍነሽ። «ቫኑ የኛን ብቻ ነው የሚጭነው። አውቶቡሱ ሁሉንም ይጭናል። እኛ በቫን እስከሄድን ደግሞ አውቶቡሱ አይመለስም።»

ፓስተር ኢሳያስ እጃቸውን አንሥተው ቤቱን አረጋጉና «ቫኑ ይቁም፤ ግን ልጆቹን ብቻቸውን አንሰድም» አሉ። «ወላጅ አብሮ ይሄዳል። እኔም እሄዳለሁ።»

ኤልፍነሽ ሆቴል አብራት ለምትሠራው ለሉፔ ነገረቻት፤ ሉፔ ደግሞ የአፓርትመንቱን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በር ለበር እየዞረች ቀሰቀሰች። ሚስ ዶሪን የራሳቸውን ሰዎች አመጡ። ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭኑት አባቶች የሚያበራ የሥራ ሰደርያቸውን ለሁሉም አከፋፈሉ። ሰኞ ጠዋት ያ ሁሉ ሕዝብ ልጆቹን መሐል አድርጎ በመንገዱ ዳር ተሰለፈ። ርብቃ «እኔ አልራመድም» ብላ በመኪናዋ መጣች፤ ግን ፍሬቻዋን እያብለጨለጨች ከሰልፉ ኋላ ቀስ ብላ ነዳች። ከኋላዋ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩንባ ቢያንባርቅባት መንገድ አልለቀቀችም።

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። የቦርዱን አባላት «መጥታችሁ አብራችሁን ተራመዱ» ብለው ጋበዙ፤ አንዱ ብቻ፣ ሚስተር ሃርግሮቭ፣ መጣ። ገና ትንሽ እንደሄዱ አንድ ረጅም ተሳቢ አጠገባቸው ሽው ብሎ ሲያልፍ ነፋሱ ሊጥለው ደረሰ። ሀሌሉያ ክንዱን ያዘችው። «በዚህ በኩል ና፣ እዛ ቦይ አለ» አለችው። ሰውየው ትምህርት ቤቱ በር ድረስ የእሷን ፈለግ ተከትሎ ሄደ። እዚያ ሲደርሱ «የራሴን ልጆች በዚህ አላስሄድም» አለ።

«እሱን የቦርዱ ስብሰባ ላይ ድገመው» አሉት ሚስ ዶሪን።

ደገመው። በስብሰባው ምሽት ኤልፍነሽም ተጠራች። ማይክሮፎኑ ፊት ስትቆም ያጠናችው እንግሊዝኛ ሁሉ በነነ። ሚስ ዶሪን መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ኤልፍነሽ እጃቸውን ይዛ «የኔ ልጅ መሄጃ ነበራት። የሳቸው ልጆች አልነበራቸውም። ለሁሉም የሚሆን አውቶቡስ ነው የምንፈልገው» አለችና ተቀመጠች። ድምፅ ተሰጠ፤ አውቶቡሱ እንዲመለስ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተወሰነ። የእግረኛ መንገድ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ እሱን ገና ይታገሉበታል። ውጭ ፓርኪንጉ ላይ ግን ርብቃ ሉፔን አቅፋ ስታለቅስ ቋንቋ የጠየቀ አልነበረም።

አውቶቡሱ የተመለሰ ዕለት ወላጆቹ ሁሉ ወጥተው ቆመዋል። ልጆቹ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሄደ። እናቶቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ተያዩና ሳቅ በሳቅ ሆኑ። «ቁርስ ሠርቻለሁ» አሉ ሚስ ዶሪን። ኤልፍነሽ ከሌሎቹ ጋር ተከትላቸው ገባች፤ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ አረፍ እንዳለች፣ ሳህኑ ሳይቀርብላት እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ሚስ ዶሪን ብርድ ልብስ ደረቡላትና የሌሎቹን ወሬ በጣታቸው ዝም አሰኙት።