ወደ እናቴ የተጠጋሁባት ሾት

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ሲኒማቶግራፈር ነኝ ማለት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሶዶ ላይ ይህን ቃል ከተናገርክ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ እሺ፣ ኑሮህስ በምንድን ነው የሚል ነው። ስለዚህ ቪዲዮ አነሳለሁ እላለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ይገባውና የእህቱ ልጅ ሰርግ መቼ እንደሆነ ይነግረኛል።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰርግ አነሳሁ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ፣ ሚዜዎቹ ጥቁር መነጽር አድርገው እየተንጎራደዱ ወደ እኔ ሲመጡ። ጥር ሲያልቅ ወገቤ አብሮ ያልቃል። ኤዲት ላይ ስቀመጥ መብራት ይጠፋል፤ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የሠራሁትን አያስታውስም። በዚህ ላይ የሙሽራው አጎት፣ እኔ ለምን ትንሽ ብቻ ታየሁ ብሎ ይቆጣል። ይህን ሁሉ የቻልኩት አንድ ቀን ፊልም እቀርጻለሁ ብዬ ነው። ሰው በሩ ላይ ዝም ብሎ የሚቆምበት፣ ማንም ለካሜራው የማይስቅበት እውነተኛ ፊልም።

አዲስ አበባ ላሉ ዳይሬክተሮች ሥራዬን እልክ ነበር። አብዛኞቹ አይመልሱም። ባለፈው ዓመት ግን አንዱ መለሰ። በራሱ ጥረት፣ በጥቂት ሰው ፊልም የሚሠራ ነው። ታሪኩ ወላይታ ገጠር ውስጥ ስለሆነ እዚሁ ያደገ ካሜራማን ይፈልጋል። የላክሁለትን አይቶ ደወለና እጅህ ጥሩ ነው፣ ግን ያነሳኸው ሰው ሁሉ መነሳቱን ያውቃል አለኝ። ትወናም ይሁን እውነት፣ ካሜራ መኖሩን የረሳ አንድ ሰው አሳየኝ፤ እስከ ሰኞ ካልላክህ ሌላ ሰው አለኝ አለ። አልተቀየምኩትም። እውነቱን ነው።

እንዲህ ያለ ሾት ያለኝ አንድ ብቻ ነበር። የአባቴ ለቅሶ ላይ ያነሳሁት ነው።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ይቀረጻል። ከየቤቱ አንድ ሁለት ሰው ርቆ ሄዷል፤ መድረስ ያልቻለው ዘመድ ቀብሩን በስልኩ አይቶ ባለበት ሆኖ ያለቅሳል። ከሻንቶ እስከ ዱቦ የስንቱን ለቅሶ እየዞርኩ እንዳነሳሁ አላውቅም። አባቴ አረካ የሞተ ጊዜ ቤሩት ያለችው እህቴ መምጣት አልቻለችም። ደወለችና፣ ለሌላ ሰው አትስጥ፣ አንተው አንሳልኝ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ባትለኝም የሌላ ካሜራማን ሥራ አያምረኝም። አጎቶቼና የአጎቶቼ ልጆች ተደርድረው ሲቆሙ እኔ ካሜራዬን ይዤ ከፊታቸው ቆምኩ። አንዳንዶቹ እንዳልወደዱት ከዓይናቸው ያስታውቅ ነበር፤ ሥራዬ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከቀብሩ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ለቅሶ የሚለቀስበት ሜዳ ላይ ነበርን። ጠዋት ዘንቦ ስላባራ ብርሃኑ ለስላሳ ነበር፤ እንዲያ ያለ ብርሃን ሰርግ ላይ ለምኜም አላገኝም። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ደረቷን ትደቃለች። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ ወደ እሷ ተራመድኩ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ስቀርባት ቀና አለችና ቀኝ እጇን ወደ ሌንሱ ዘረጋች። እጇ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። ምስሉ አልተንቀጠቀጠም፣ ፎከሱም አላመለጠኝም። ያኔ በልቤ ያልኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። "አገኘኋት" ነው ያልኩት።

ለእህቴ ልኬ ፋይሉን ዘጋሁት። አንድ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም።

ቅዳሜ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍሬ አረካ ሄድኩ። የእናቴን ሐዘን ሳላስፈቅዳት ለማላውቀው ሰው መላክ አንጀቴ አልቻለም። እምቢ ካለችኝ ደግሞ ፊልሙ አመለጠኝ ማለት ነው፤ ሌላ እንዲህ ያለ ዕድል የምጠብቅበት ጉልበት እንደሌለኝ አውቀዋለሁ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ስለማመድ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦርሳዬን ሲያይ ቆየና ካሜራ ነው እንዴ አለኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ አለበት።

እናቴን እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። እጇን ታጥባ መጣችና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጎኔ ተቀመጠች። ነገሩን አስረዳኋት። ከአባትህ ለቅሶ ደግሞ ምን ሥራ ይገኛል ብላ ገረማት፤ ቢሆንም እስቲ ልየው አለች። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ድምፁን ዝቅ አድርጌዋለሁ። እጇ የተዘረጋበት ጋ ስትደርስ አቁመው አለችኝና የቆመውን ምስል ታየው ጀመር። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ዋናዋ ይህቺ ናት፣ ሰውዬው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው አልኳት።

እናቴ ከእኔ ጋር የምታወራው በወላይትኛ ነው። ስትናገር ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ዕለትም አላደረገችም።

"ልትይዘኝ የመጣህ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። "እጄን የዘረጋሁልህ ለዚያ ነው።"

ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳትም። የለቅሶው ዕለት ካሜራውን ለአንዲት ሴት አቀብዬ ልይዛት እችል ነበር፤ ሜዳው ሙሉ ሴት ነበር፣ አንዷ ትቀበለኝ ነበር። ይህን ያሰብኩት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። እሷ ግን ላፕቶፑን መለሰችልኝና፣ እንጀራህ ከሆነ ላከው፣ እዚያ እኔን ማን ያውቀኛል ብላ ወደ እንሰቷ ተመለሰች። እስክሄድ ድረስ ነገሩን አላነሳችውም። ሳልበላ እንዳልሄድ ብቻ ነው የለመነችኝ።

ላክሁት። አልደብቅም። ሶዶ እስክደርስ ልተወው ልተወው ስል ቆይቼ፣ ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ላክሁት።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ደወለ። ሥራው ያንተ ነው አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩትን ቃል አልጋ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት፤ ደስታው ግን አልመጣም፣ ድካሙ ብቻ መጣ። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች አልነገርኩትም ነበርና ተዋናይ መስላዋለች። እንዴት ያለች ናት እያለ አደነቃት። ከዚያ ያቺ የእጅ መዘርጋት እስክትሳካ ስንት ጊዜ እንዳስደገምኳት ጠየቀኝ።

"አንዴ ብቻ ነው የዘረጋችው" አልኩት።