የስንዝሯ ምርቃት

የበደሉኝ አጎቴ ናቸው፤ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ኢኮኖሚክስ ልማር ኮሌጅ ስገባ። ሙት ወቃሽ የሚለኝ ይበል።

መርካቶ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው እየሠራሁ ነበር የምማረው። «ጋሼ፣ ትምህርቱ ግማሹ ሒሳብ ነው፤ የካልኩለሱ ክፍል እንዳያመልጠኝ» ብላቸው ሳቁ።

«ኢኮኖሚክስ የገበያ ወሬ ነው። ገበያው እዚህ አለልሽ፤ ሒሳቡን ምን ልታደርጊው? ያዢ ሜትሩን!»

በክፍሉ ሰዓት ሁሉ ሱቅ አስቀመጡኝ። በሒሳብ ወደቅኩ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ሲሞቱ ለቀስተኛው ሁሉ ያነሳላቸው ደግነታቸውን ነው። ጨርቅ ለክተው ሲጨርሱ፣ ገዢዋ ሳትጠይቅ አንድ ስንዝር ይጨምሩና «ይቺ ምርቃት ናት፣ እቴ» ይሉ ነበር። ለአገር ምድሩ መረቁ፤ የኮሌጁን ምርቃቴን ግን አስቀሩብኝ።

ሱቁ ለእኔ ስለቀረ፣ አርባቸው ሲያልፍ ከፈትኩት። ምርቃት ላልሰጥ ምያለሁና እቅጩን ለክቼ ቆረጥኩ። በማግስቱ አንዲት ደንበኛ ተመልሳ መጣች።

«እትዬ፣ ስንዝሯን ቤቴ ስለካ አገኘኋት። እንደ እሳቸው ነሽ!»

ሌላዋም እንዲሁ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ደጋግሜ እየለካሁ ቆረጥኩ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ያልተቀመጠበት በርጩማቸው ሲጢጥ አለ። ዞር ብዬ አይቼ ስመለስ፣ ለክቼ የቆረጥኩት ጨርቅ እጄ ላይ ስንዝር ረዝሟል።

«ምርቃቱ አሁን ነው፣ ጋሼ?» አልኩ። 

ሱቁን አከራየሁት። በኪራዩም ኢኮኖሚክስ ልማር በማታው ክፍል ተመዘገብኩ። መጀመሪያ የወሰድኩት ካልኩለሱን ነው።